አሮጌ የጭነት መኪና አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፦ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) ከመቀየሬ በፊት ምን ልለካ?

ባለ ስድስት ሲሊንደር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ነው፤ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ፓምፑ መካኒካል፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ያስቸገረኝ ችግሩ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑ ነው።

ሥራ ውሎ ሲግል አጥፍቼው 15 ወይም 20 ደቂቃ ቆይቼ ቁልፍ ሳዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። አንዳንዴ ቀጭም አይልም። አምስት ስድስት ጊዜ ስደጋግም ድንገት ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ጠዋት ደግሞ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን ቶሎ አይይዝም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካላዞርኩት አይነሳም። ሌላ ቀን ጠዋት ግን ገና ቁልፉን ስነካው ይነሳል።

ሁለቱም ባትሪዎች አዲስ ናቸው። ሞርሴቶዎቹን (የባትሪ ማሰሪያዎቹን) አጽድቻለሁ፣ የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሯል። አሁን ሞተሪኖ ቀይር ተብያለሁ። ከመቀየሬ በፊት በቅደም ተከተል ምን ልፈትሽ?

ማሳ እና ካቦ

ወንድሜ፣ ሞተሪኖውን ገና አትንካው። የጻፍከው አንድ ችግር አይደለም፤ ሁለት ናቸው። ሲግል የሚመጣው የኤሌትሪክ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም። ጠዋት የሚመጣው ኤሌትሪክ አይደለም፣ ምክንያቱም ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካየሃቸው አንዱን ስትጠግን ሌላው ይመጣና ጥገናው ያልሠራ ይመስልሃል። የመጀመሪያውን እኔ ልጻፍልህ፤ የጠዋቱን የናፍጣ ሰዎች ይጨምሩበት።

የሚመጣና የሚሄድ ብልሽት የሚገኘው እምቢ ባለበት ደቂቃ ላይ ሲለካ ብቻ ነው። ደህና ሲሆን የለካኸው ሁሉ ደህና ነው የሚልህ። ስለዚህ ወጥመዱን አስቀድመህ አዘጋጅ። ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል ውሰድ፤ አንዱን ሽቦ ሞተሪኖው ላይ 50 ቁጥር ተርሚናል ላይ እሰር (ከቁልፍ የሚመጣው ቀጭኑ ሽቦ የሚገባበት ነው)፣ ሌላውን ሞተሪኖው አካል ላይ እሰርና አምፖሉን በረጅም ሽቦ ወደ ጋቢና አምጣው። ሽቦው የጭስ ማውጫና የሚዞር ነገር እንዳይነካ አድርገህ እሰረው፤ አምፖሉ ጋ የሚሄደው ሽቦ መነሻ ላይም ትንሽ ፊውዝ አስገባበት። ከዚያ መኪናውን እንደ ልማድህ ንዳው። እምቢ ያለ ቀን አምፖሉን እይ።

አምፖሉ በሙሉ ብርሃን በርቶ ሞተሪኖው ዝም ካለ ችግሩ ሞተሪኖው ውስጥ ወይም በወፍራሙ ካቦ በኩል ነው። ደብዘዝ ብሎ ከበራ በቁልፍና በሞተሪኖው መካከል ኤሌትሪክ የሚያንቅ ነገር አለ። ጭራሽ ካልበራ ቁልፉ፣ ሪሌው (በትንሽ ኤሌትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ወይም የፎሌ ስዊቹ (ማርሽ ነፃ ሲሆን ብቻ እንዲነሳ የሚፈቅደው፣ ካለው) አልዘጋም።

አምፖሉ አቅጣጫውን ያሳይሃል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥር ነው። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ፣ መኪናውን ፎሌ ላይ አድርገህ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማ ሥር ታኮ አስገባ። ሞተሩ እንዳይነሳ የማጥፊያውን እጀታ ስበህ ያዝ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙር፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ። ሳይዞር 12.6 አካባቢ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው። ሲዞር አንዱም ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም፤ ሁለቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ሁለቱን በጥቅል 24 ብለህ ከለካህ ደካማው ባትሪ በጠንካራው ጀርባ ይደበቃል።

ቀጥሎ ካቦዎቹን፣ ሁሉንም ሞተሪኖው እያዞረ። መልቲሜትሩን ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ትልቁ ብሎን (30) ዘርጋ፤ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ካቦው ወይም ማያያዣው በልቶታል። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል፤ ያው 0.5። ሁለቱን ባትሪ በሚያገናኘው ካቦ ላይ 0.2። የመልቲሜትሩን ጫፍ የምታስነካው የባትሪው እርሳስ ራሱ ላይ ነው፣ ሞርሴቶው ላይ አይደለም። ሞርሴቶው ላይ ከለካህ የምትፈልገውን ብልሽት ዘለልከው ማለት ነው።

በመጨረሻ 50 ላይ፣ እምቢ ባለበት ሰዓት፦ ባትሪው ላይ ስንት፣ ቁልፉ መግቢያ ላይ ስንት፣ ቁልፉ መውጫ ላይ ስንት፣ 50 ላይ ስንት። እነዚህን አራት ቁጥሮች ጽፈህ አምጣ።

ናፍጣ መስመር

የጠዋቱን እኔ ልቀጥል። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ተመልከት። ሲዞር ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ ከወጣ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልነደደም፤ ያኔ የማሞቂያ፣ የመጨናነቅ ኃይል ወይም የአዟዟር ፍጥነት ጉዳይ ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ያንተ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ማታ ቆሞ ያደረ ሞተር ጠዋት ብዙ ዞሮ የሚነሳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አየር ይዞ ነው የሚያድረው። ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ ቦታውን አየር ይይዛል።

ይህን ለማረጋገጥ ጠዋት ቁልፍ ሳትነካ የእጅ ፓምፑን ምታው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመትቶ ከከበደ መስመሩ ሙሉ ነው። 20 ወይም 30 ጊዜ ተመትቶ ከከበደና ከዚያ በኋላ ቁልፍ ስታዞር ወዲያው ከተነሳ ግን አየር ይዞ ነው ያደረው፣ ጥርጣሬው አለቀ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቦታ የለም፣ ስለዚህ አየር አይስብም» ይላሉ። ከታንኩ እስከ ናፍጣ ሳቢው ፓምፕ ያለው መስመር ሲሠራ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ቀዳዳ ካለው አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ናፍጣ ወደ ውጪ አይወጣም። ስለዚህ ደረቅና ንጹህ ሆኖ ይታያል። ከሳቢው ፓምፕ በኋላ ያለው ግን ግፊት አለበት፤ እዚያ ቀዳዳ ካለ ሲሠራ እርጥበቱ ይታያል።

ለማየት ከሳቢው ፓምፕ በፊት ግማሽ ሜትር ያህል ናፍጣ የሚችል ግልጽ ቱቦ አስገባ። ሞተሩን አስነሳና መብራት ይዘህ ተመልከት፤ አረፋ በየጊዜው ካለፈ ቀዳዳው ከቱቦው በስተታንክ ነው። ካልታየ ግልጹን ቱቦ ወደ መመለሻው መስመር አዛውረው። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ጀሪካን ነው፦ ንጹህ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ከፓምፑ ከፍ አድርገህ አስቀምጥና በአዲስ ቱቦ ቀጥታ ወደ ሳቢው ፓምፕ አስገባ። የመመለሻውንም ቱቦ ወደ ጀሪካኑ መልሰው፣ አለበለዚያ ቶሎ ያልቅብሃል። እንዲህ ሆኖ አድሮ ጠዋት ወዲያው ከተነሳ ፓምፑም ኢንጀክተሩም ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ከታንክ እስከ ሳቢ ፓምፕ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው፦ ማጥፊያህ በኤሌትሪክ ከሆነ (ቁልፍ ስትከፍት ፓምፑ ላይ ጠቅ የሚል ሶሌኖይድ ካለ) ቁልፉ ማስነሻ ላይ ሳለ ለእሱም 24 መድረሱን ለካ። ያረጀ ቁልፍ ማስነሻው ላይ ሲደርስ ይህን መስመር ያቋርጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሲዞር አይነሳም፣ ቁልፉን ስትለቀው ግን ሊነሳ ይሞክራል።

ኢተር (ማስነሻ ስፕሬይ) አትርጭበት። ካንዴሊቲ (ሲሊንደሩን የሚያሞቅ ካንዴላ) ወይም የአየር ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ ማኒፎልዱ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከዚያም በላይ የአየር ችግርን በኢተር መሸፈን ብልሽቱን ሳታገኝ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይጎዳል።

ባለ ስድስት ሲሊንደር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለክቻለሁ።

ሲዞር ባትሪዎቹ 11.1 እና 10.9። ፖዘቲቭ ካቦ 0.3፣ በማሳ (በኔጌቲቩ) በኩል 0.9፣ የባትሪዎቹ ማገናኛ 0.1። ሲግል እምቢ ባለበት ሰዓት አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ነበር። ቁልፉ እንደተያዘ፦ ባትሪ 24.9፣ ቁልፍ መግቢያ 24.4፣ ቁልፍ መውጫ 20.1፣ 50 ላይ 16.8። ትንሽ ቆይቶ ሲነሳ ደግሞ 50 ላይ 21.4 ነበር፣ ባትሪው ያኔ 22.0። ይህ ማለት ቁልፉ አንዳንዴ ብቻ ነው የሚበላሸው?

ጠዋት የእጅ ፓምፑ 30 ጊዜ ያህል ተመትቶ ነው የከበደው፤ ከዚያ ወዲያው ተነሳ። ጭስ አልነበረም። የጀሪካኑን ገና አልሞከርኩም።

ማሳ እና ካቦ

ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው። አይደለም፣ ቁልፉ ሁልጊዜ ነው የተበላሸው።

ሁለቱን ቁጥር የምታወዳድርበት መንገድ ነው የሚያሳስተው። የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (50 ላይ ኤሌትሪክ ሲያገኝ ስቦ ትልቁን ኮንታክት የሚዘጋው) ውስጥ ሁለት ጥቅልሎች አሉ፦ ሳቢና ያዥ። ሳቢው ብዙ አምፔር ይወስዳል፤ ያዥው ጥቂት። ሶሌኖይዱ ስቦ ትልቁን ኮንታክት ሲዘጋ የሳቢው ሁለት ጫፎች ሁለቱም ፖዘቲቭ ያገኛሉና ሳቢው ሥራውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ በቁልፉ የሚያልፈው አምፔር ትንሽ ስለሆነ 50 ላይ ቮልቱ ይሻላል። ስለዚህ 21.4 ማለት «ቁልፉ ዳነ» ማለት አይደለም፤ ሶሌኖይዱ ከሳበ በኋላ የተለካ ነው ማለት ነው። እውነቱን የሚናገረው 16.8 ነው።

አሁን ደረጃ በደረጃ ቀንስ። ከባትሪ እስከ ቁልፍ 0.5 ጠፋ፤ ይሁን። ቁልፉ ውስጥ ብቻ 4.3 ጠፋ፤ ውስጡ ያለው ኮንታክት ተቃጥሏል። ከቁልፍ እስከ 50 ሌላ 3.3 ጠፋ፤ እዚያ መስመር ላይ የሚያገናኝ ሶኬት፣ የፎሌ ስዊች ወይም የዛገ ሽቦ አለ። ሶኬቱን ፈተህ እይ፤ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከቀለጠ ወይም ፒኑ ከጠቆረ ቦታው እሱ ነው።

ሲግል ብቻ ለምን? የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃውሞው 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሶሌኖይዱ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ከጋለ ተቃውሞው ወደ 30 በመቶ ይጨምራል፣ የሚስብበት ኃይልም ይደክማል። ሲበርድ በተረፈችው ቮልት ተጣጥሮ ይስባል፤ ሲግል ያቺው አትበቃውም። ጥፋቱ በብርድም አለ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው የሚያጋልጠው። አዲስ ሞተሪኖ ብትገጥም ለጥቂት ጊዜ ሊሻልህ ይችላል፤ ሶሌኖይዱ አዲስ ስለሆነ። ከዚያ ይመለሳል።

መፍትሔው፦ ቁልፉን ቀይር፣ ሶኬቱን አስተካክል፤ ከዚያ ሞተሪኖው አጠገብ ባለ 24 ቮልት ሪሌ ጨምር። ኮንታክቱ ቢያንስ 70 አምፔር የሚችል ይሁን። ዱሮ 50 ላይ የነበረው ሽቦ ወደ ሪሌው 86 ይሂድ፣ 85 ወደ ማሳ፣ ከሞተሪኖው ትልቁ ብሎን ወደ ሪሌው 30፣ ከ87 ወደ ሞተሪኖው 50። ለኋለኞቹ ሁለቱ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጠቀም፣ አጭር ይሁኑ። ከዚህ በኋላ በቁልፉ የሚያልፈው ከአንድ አምፔር ያነሰ ስለሚሆን አዲሱ ቁልፍ አይቃጠልብህም። ሥራውን ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ማሳ ፍታ፤ ያ ትልቁ ብሎን ፊውዝ የለውም።

የ0.9 ማሳም ይጠገን። ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ማሳ ፍታ፣ የሚያርፍበትን ብረት ቀለምና ዝገት እስኪለቅ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ አጥብቀህ ግጠም፣ ከላይ ግራሶ ቀባ። ሲዞር የጋዝ ወይም የማጥፊያው ካቦ የሚግል ከሆነ ማሳው በዚያ በኩል እየመጣ ነው ማለት ነው።

ቮላኖ

በሪሌው እስማማለሁ፣ ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለኝ።

የፎሌ ወይም የፍሪሲዮን ስዊች ካለው እንዳትዘለው፤ በሪሌው 86 መስመር ላይ ይቆይ። በዝላይ ከታሰረ ማርሽ ውስጥ እያለ ይነሳና ሰው ይገጫል። በካቻቢቴ 30ን ከ50 ጋር ማገናኘትም እንደዚያው ነው፤ በተለይ መኪናው ሥር ተኝቶ።

ሁለተኛው፣ ሪሌው ከገባ በኋላ 50 ላይ ከ23 በላይ እያገኘ ሲግል «ቀጭ» ብቻ ካለ ያኔ ሞተሪኖው ይውረድ። ሳቢው ጥቅልል ማሳ የሚያገኘው በሞተሪኖው ካርቦኖች (ለሚዞረው ክፍል ኤሌትሪክ በሚያስተላልፉት) በኩል ነው። ካርቦኑ ካለቀ ወይም በቤቱ ውስጥ ከተጣበቀ ሞተሪኖው አለመዞሩ ብቻ ሳይሆን ሶሌኖይዱም በትክክል አይስብም። ሞተሪኖውን በእንጨት ቀስ አድርገህ ስትመታው ከሠራ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ካርቦኑን፣ ስፕሪንጉንና ኮሙታተሩን ማየት እንጂ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። «ቀጭ» የሚለው ጠንካራ ድምፅ ሆኖ ካርቦኑ ደህና ከሆነ ደግሞ የሶሌኖይዱ ትልቁ የመዳብ ኮንታክት ተበልቷል።

ሞተሪኖው ከወረደ በቀዳዳው የቮላኖውን (ሞተሪኖው ይዞ የሚያዞረው ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጥርስ ሳታይ አትመልሰው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሦስት ቦታዎች ነው፣ በየ120 ዲግሪው። ጥርሱም የሚያልቀው እዚያ ነው። በጠመኔ መነሻውን ምልክት አድርግና ሞተሩን በእጅ እያዞርክ ሙሉ ክቡን እይ።

ባለ 12 ቮልት ሬዲዮ ወይም ቻርጀር ከአንዱ ባትሪ ብቻ የተሳበ ከሆነ ንቀለው። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሆናል፣ ዲናሞው ሁለቱን በአንድ ስለሚሞላ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃው ያልቃል። አዲስ ባትሪ በዚህ ምክንያት ቶሎ ይሞታል። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገባበት።

ባለ ስድስት ሲሊንደር (ጠያቂ)

የፎሌ ስዊች የለውም። ከቁልፍ ወደ ሻንሲ የሚወርደው ሶኬት ውስጥ አንዱ ፒን ጥቁር ሆኖ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ቁልፉን ቀይሬ፣ ሪሌ አስገብቼ፣ ማሳውን አጽድቼ እየጋለ ስለካ ማሳው 0.2 ነው። እምቢ ማለቱ ቆሟል።

ናፍጣው ላይ፦ በጀሪካን ሦስት ጠዋት ወዲያው ተነሳ። ወደ ታንኩ ስመልሰው ግልጹ ቱቦ ውስጥ አረፋ አለ። ቱቦውን በሙሉ ቀይሬ ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማጥበቂያዎቹን) አዲስ አደረግኩ፣ አረፋው አሁንም አለ። አንዳንድ ቀን ግን ጭራሽ አይታይም።

ናፍጣ መስመር

አረፋ የማይታይበት ቀን ታንኩ ሙሉ ነው? እሱን ንገረኝ። ከሆነ ቀዳዳው ታንኩ ውስጥ ነው፦ ናፍጣ የሚስበው ቀጥ ያለው ቱቦ ከላይ በኩል ተሰንጥቋል ወይም ከክዳኑ ጋር የተበየደበት ቦታ ለቅቋል። ናፍጣው ከስንጥቁ በላይ ሲሆን የሚስበው ናፍጣ ነው፤ ሲጎድል አየር ይስባል። መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሆኖ ሲያድርም የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ ስድስት ሲሊንደር (ጠያቂ)

አዎ፣ ልክ ነው። ማታ ሞልቼ ያደረ ቀን ነው ወዲያው የሚነሳው። ልብ አላልኩትም ነበር።

ናፍጣ መስመር

እንግዲያው ተገኝቷል። የታንኩን ክዳን ዙሪያ በደንብ ጠርገህ ብሎኖቹን ፍታና ሳቢውን ቱቦ አውጣው። የታችኛውን አፍ በጎማ ድፈን፣ በላይኛው በኩል ጥቂት አየር አስገባበት (ከ0.3 ባር አይለፍ) እና ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የሚበየደው ቱቦው ከታንኩ ከወጣና ከታጠበ በኋላ፣ ታንኩ ከራቀ ቦታ ነው። ታንኩ ላይ ሆኖ ምንም ዓይነት ብየዳ አይሞከር፤ ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ከሙሉው የባሰ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ካለች አጽዳት፤ ክዳኑን ስትመልስ አዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አድርግ።

የፈታሃቸውን የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ካላገኘህ እንዳሉ አትመልሳቸው፤ አንዴ የተጨመቀ መዳብ ይጠነክርና ሁለተኛ አይዝም። እሳት ላይ ቀላ እስኪል አግለው፣ ውሃ ውስጥ ጨምረው፤ ይለሰልሳል። ከዚያ ሁለቱንም ፊቱን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርገው።

አየሩን ስታወጣ ከታንክ በኩል ጀምር። የፊልትሮውን የአየር ብሎን ላላ አድርገህ የእጅ ፓምፑን ምታ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ፓምፑን ሳታቆም ዝጋው። ቀጥሎ የኢንጀክሽን ፓምፑን ብሎን እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ካልተነሳ ብቻ ሁለት ወይም ሦስት ኢንጀክተር ላይ ያሉትን የቱቦ ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላላና ናፍጣ እስኪወጣ አዙር፣ አጥብቅ። እጅህን ወደሚረጨው ናፍጣ አታስጠጋ፤ ከ200 ባር በላይ የሆነ ርጭት ቆዳ ይበሳል፣ ትንሽ ነጥብ መስሎ ቢታይም ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ግልጹን ቱቦ ሁለት ቀን ተወው። ታንኩ ከግማሽ በታች ሆኖ ባደረ ጠዋት አረፋ ካላየህበትና የእጅ ፓምፑ በሁለት ሦስት ምት ከከበደ አውጥተህ ደንበኛውን ቱቦ መልስ፤ ግልጽ ቱቦ ለሙቀትና ለመፋተግ አይሆንም።